ረግረግን ለሰባተኛ ክፍል ማስተማር፦ ታንኳ ሠሪውንም መለኪያውንም እንዴት ላስገባ?

መምህርት ከጣና ዳር

ሰላም ለቤቱ። ባሕር ዳር አካባቢ ሰባተኛ ክፍል ጠቅላላ ሳይንስ አስተምራለሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

በቅርቡ ስለ ረግረግ መሬት ላስተምር ነው። የተለመደውን ታውቁታላችሁ፦ ረግረግ ውሃ ያጣራል፣ ጎርፍ ይቀንሳል፣ የወፍና የዓሣ መኖሪያ ነው። ልክ ነው። ልጆቹ በቃላቸው ይይዙታል፣ ፈተና ላይ ይጽፉታል፣ ከዚያ ታንኳ በሚታሰርበት የረግረግ ተክል፣ በደንገሉ ጥግ አልፈው ቤታቸው ይገባሉ። አንዷን "ረግረግ አይተሽ ታውቂያለሽ?" ብላት "ኧረ የት አይቼ!" አለችኝ። ቤቷ የት እንደሆነ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሀገር በቀል እውቀት ይግባ ይላል። ደስ ይላል። ግን እንዴት? እስካሁን ያየሁት አንድ ዓይነት ነው። አንድ አዛውንት ይጠራሉ፣ ጋቢያቸውን ለብሰው ይመጣሉ፣ ተማሪው ያጨበጭባል፣ ፎቶ ይነሣል። በነጋታው መምህሩ "በሉ አሁን ወደ ትምህርታችን እንመለስ" ይላል። እሳቸው የተናገሩት ትምህርት አልነበረም ማለት ነዋ!

እኔ ጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። እዚህ ደንገልን ከማንም በላይ የሚያውቁት ነገደ ወይጦ ናቸው። ታንኳ ያስራሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ምንጣፍና ቅርጫት ይሠራሉ። ክፍሌ ውስጥ የአንድ ታንኳ ሠሪ ልጅ አለ። ጎበዝ ነው። ስለ አባቱ ሥራ ግን ትንፍሽ አይልም። ለምን እንደማይል እዚህ ያደገ ሰው ያውቀዋል። "ጉማሬ ይበላሉ" እየተባለ ማዕድ አብሯቸው የማይቆርስ ሰው ዛሬም አለ። ልጆች ደግሞ ከቤት የሰሙትን ነው ክፍል ይዘው የሚመጡት። ታዲያ "አባትህን ጥራልን" ብለው ልጁን አከበርኩት ወይስ አጋለጥኩት? እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው።

ያለኝ ዕቃ ይሄ ነው፦ የፕላስቲክ ጠርሙስ እንደ ልብ፣ ጥቂት የፒኤች ወረቀት፣ ሁለት ቴርሞሜትር፣ ሜትር፣ ከቤቴ ያመጣሁት ነጭ ሳህን። ማይክሮስኮፕም አለን። ቁልፉ ግን ሁሌ "ሌላ ሰው ጋ" ነው። ተማሪዎቼ 60 ይጠጋሉ።

የታንኳ ሠሪው እውቀት ማጌጫ ሳይሆን፣ ሳይንሱም ዳኛ ሆኖ ከላይ ሳይቀመጥ፣ ሁለቱን በአንድ ትምህርት እንዴት ላስኪዳቸው? የሞከራችሁ ንገሩኝ። "በርቺ፣ ጥሩ ሐሳብ ነው" የሚለውን ለኋላ አቆዩልኝ።


የታንኳ ሠሪ ልጅ

መምህርት፣ ሰላም ነዎት? ያ ዝም የሚለው ልጅ እኔ ነበርኩ። አሁን ከተማ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። አባቴ ዛሬም ደንገል ያጭዳል።

በመጀመሪያ ልጁን ክፍል ፊት ምንም አይጠይቁት። ቤታቸው ይሂዱ። አባቱን ራስዎ ይጠይቁ። የቀረበልዎትን ይቅመሱ። ይሄ ትንሽ ነገር እንዳይመስልዎት። መምህርት እነ እከሌ ቤት ገብታ በላች ከተባለ ሰፈሩ በአንድ ጀምበር ይሰማዋል። ልጁም ይሰማል። ከዚያ በኋላ ማውራት አለማውራቱን ለሱ ይተዉለት።

ሁለተኛ፣ ሰውዬውን ወደ ክፍል አያምጡ። ክፍሉን ወደ ደንገሉ ይውሰዱ። አባቴን ሰሌዳ ፊት ቢያቆሙት ሁለት ቃል ተናግሮ መሬት መሬቱን ያያል። ደንገል ውስጥ ሲገባ ግን የሚያስቆመው የለም። የቱ እንደ ደረሰ፣ የቱ ገና ለጋ እንደሆነ አናቱን አይቶ ይነግርዎታል። ሥሩን አይነቅልም። ግንዱን ከታች ይቆርጣል፣ ሥሩ ጭቃው ውስጥ ይቀራል፣ መልሶ ያቆጠቁጣል። እርጥቡን አያስርም፣ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ታንኳውም ሥራ ሲያበቃ ከውሃ ወጥቶ ዳር ላይ ይደርቃል። ካልደረቀ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። ቢይዙት ቢይዙት ዕድሜው አጭር ነው። ስለዚህ በየጊዜው አዲስ ደንገል ያስፈልጋል። ደንገሉ ሲመናመን መጀመሪያ የሚያውቀው ታንኳ ሠሪ ነው፣ ምክንያቱም ድሮ እዚሁ ያጭድ የነበረው ዛሬ ራቅ ብሎ መሄድ ይኖርበታል።

ሳይንሱን እዚያው ያምጡት። ግንዱን ቆርጣችሁ ውስጡን እዩ። ነጭ ነው፣ እንደ ስፖንጅ አየር የያዘ። ለምን እንደሚንሳፈፍ ልጆቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ከዚያ እርጥቡን መዝኑ፣ ከደረቀ በኋላ ደግሞ መዝኑ። አባቴ አንድ እስር በእጁ አንሥቶ "ይሄ ገና ነው" ይላል። ልጆቹ በሚዛን ያረጋግጡበት። ልክ ከሆነ ይዩ፣ ካልሆነም ይዩ። እሱ አይቀየምም። በየቀኑ ውሃው እየፈተነው ነው የኖረው።

ሌላ ጨዋታ፦ እ.ኤ.አ. በ1969 ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል "ራ" በምትባል የደንገል ጀልባ አትላንቲክን ሊሻገር ተነሥቶ ነበር። ደንገሉ የተወሰደው ከጣና ነው። ሠሪዎቹ ግን ከቻድ ሐይቅ የመጡ ነበሩ። ጀልባዋ ከመድረሷ በፊት ባሕር ላይ ተበታተነች። አባቴ ይሄን ስነግረው "ሠሪውንም ከዚሁ ይውሰድ ነበራ!" አለኝ። ይሄን ለተማሪዎችዎ ይንገሩልኝ።

የመጨረሻው፦ ይክፈሏቸው። የቀን ገቢያቸውን ትተው ነው የሚመጡት። "ለልጆች ነው" እየተባለ በነፃ የሚጠራው ሁልጊዜ ድሀው ነው።


ጡረተኛው መምህር

እህቴ፣ እኔ ነገሩን ከሌላ ጎን ላንሣው። ስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና አለባቸው። ፈተናው ስለ ታንኳ አይጠይቅም። የሽማግሌ ቃል ሁሉ ደግሞ እውቀት አይደለም። አንዱ "ውሃው የሸሸው ተቆጥቶ ነው" ቢልሽ ምን ልትይ ነው? ሰሌዳ ላይ ልትጽፊው ነው?

ይሄን ካልኩ ዘንድ አንድ የሚጠቅም ነገር ልተውልሽ። ታንኳውን መጀመሪያ አታንሺው። ስልሳውንም ልጅ "ከረግረግ ወጥቶ ቤታችሁ የሚገባው ምንድን ነው?" ብለሽ ጠይቂ። ቡና ሲፈላ የሚጎዘጎዘው ቄጠማ ከየት መጣ? ሴቶቹ ልጆች ለአዲስ ዓመት የሚነቅሉት እንግጫ የት ነው የሚበቅለው? ቤታቸው በምን ተከደነ? ከብቱ በጋ ላይ የሚበላው ሣር? በዚህ መንገድ ልጁ ብቻውን ጎልቶ አይታይም፣ የሁሉም ቤት ከረግረጉ ጋር ተያይዞ ይገኛል። ታንኳው ከዚያ መሐል አንዱ ሆኖ ይመጣል።


ጤና መኮንን ነኝ

ልጆቹን ይዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ይሄን አንብቡልኝ።

ጣና ዙሪያ ብልሃርዚያ አለ። የትምህርት ቤት ልጆች ላይ በተደጋጋሚ የተገኘ ነገር ነው። ተሸካሚው ቀንድ አውጣ የሚወደው ደግሞ ልክ እናንተ የምትሄዱበትን ቦታ፣ ዳር ዳሩን ሣርና ቅጠል ያለበትን ዝግ ያለ ውሃ ነው። ትሉ ቆዳ ሰርስሮ ይገባል፣ መጠጣት አያስፈልገውም። ስለዚህ በባዶ እግር ውሃ ውስጥ የሚገባ ልጅ አይኑር። ውሃ የሚቀዳ ትልቅ ሰው ይሁን፣ የጎማ ቦቲ ያድርግ፣ ረጅም እጀታ ያለው ነገር ይጠቀም። ለሙከራ የተቀዳውን ውሃ ዘግታችሁ 2 ቀን አቆዩት። ከቀንድ አውጣው የወጣው ትል ሰው ካላገኘ ከዚያ በላይ አይኖርም። ቀንድ አውጣውን ግን አብራችሁ እንዳትቀዱ፣ እሱ ካለ ትሉ መውጣቱን ይቀጥላል።

ሰዓትም ምረጡ። ትሉ በብዛት የሚወጣው ፀሐይ ሲበረታ፣ እኩለ ቀን አካባቢ ነው። ማለዳና ምሽት ደግሞ የጉማሬ ሰዓት ነው። ሌሊት ሣር ሲግጥ አድሮ ወደ ውሃ የሚመለሰው ጎህ ሲቀድ ነው፣ መንገዱ ላይ መቆም አይደለም ቀልድ። እኔ ብሆን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ድረስ እጨርሳለሁ። ጉማሬ በየት በኩል እንደሚወጣ ደግሞ እኔን ሳይሆን ታንኳ ሠሪውን ጠይቁ።

"ወባ የሚመጣው ከረግረጉ ነው፣ ይደፈን" የሚል ወላጅ አይጠፋም። ጥያቄው ሞኝነት የለበትም፣ በደንብ መልሱለት። በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ፣ ካባሌ አካባቢ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት አለ። ደንገሉ ተመንጥሮ የታረሰ ረግረግ አጠገብ ያሉ መንደሮች፣ ደንገሉ ካልተነካበት ረግረግ አጠገብ ካሉት ይልቅ ሙቀታቸው ከፍ ያለና የወባ ትንኛቸውም የበዛ ሆኖ ተገኘ። ደጋ ላይ ትንሽ ሙቀት ለትንኝ ብዙ ነው። ሁለት ቴርሞሜትር አለኝ ብለሻል። አንዱን ደንገሉ ጥላ ሥር፣ ሌላውን ገላጣ ላይ ካለ ኩሬ አጠገብ አድርጊ። ልጆቹ ራሳቸው ያንብቡት።


ከሚኒሶታ

እኔ ሰሜን ሚኒሶታ ነው የምኖረው፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ እነዳለሁ። መምህር አይደለሁም። ግን ይሄን ነገር እዚህ አገር አይቼዋለሁ።

ኦጂብዌ የሚባሉ የአገሬው ተወላጆች አሉ። በሐይቅና በረግረግ ውሃ ውስጥ የሚበቅል የዱር ሩዝ ይሰበስባሉ፣ ማኖሚን ይሉታል። ጀልባ ላይ ሁለት ሰው ይሆናሉ። አንዱ ቆሞ በረጅም ዘንግ ይገፋል። ሌላው ተቀምጦ በሁለት ቀላል ዱላ ዘለላውን ጎንበስ እያደረገ መታ መታ ያደርገዋል። የደረሰው ፍሬ ጀልባው ውስጥ ይወርዳል። ከፊሉ ውሃ ውስጥ ወድቆ ለከርሞ ዘር ይሆናል። ያልደረሰው እዚያው ይቆያል። የስቴቱ ሕግ የጀልባውን ስፋትና የዱላውን ክብደት ሳይቀር ይወስናል።

ሳይንሱ እዚያው ነው ያለው። ሚኒሶታ የዱር ሩዝ በሚበቅልበት ውሃ ውስጥ ሰልፌት በሊትር ከ10 ሚሊግራም እንዳይበልጥ የሚል ደንብ እ.ኤ.አ. በ1973 አውጥታለች። ሰልፌቱ ጭቃው ውስጥ አየር በሌለበት ወደ ሰልፋይድ ይለወጥና ቡቃያውን ይጎዳል። የማዕድን ማውጫዎች ጉዳይ አለበትና እስከ ዛሬ ያጨቃጭቃል። ፎን ዱ ላክ የሚባለው የኦጂብዌ ማኅበረሰብ ኮሌጅ ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የማኅበረሰቡን ልጆች ሐይቅ ላይ ይዞ ይወጣ ነበር። ከሐይቁ ወለል ደለሉን በቱቦ ሳብ አድርገው ያወጡና ድሮ ምን ይበቅል እንደነበር ከድርብርቡ ያነባሉ።

እኔን የገረመኝ ቅደም ተከተሉ ነው። መሣሪያው ከሳጥኑ ሳይወጣ መጀመሪያ የሚናገሩት ሽማግሌዎቹ ናቸው። ለውሃው ትንሽ ትምባሆ ያኖራሉ፣ ሥርዓታቸው ነው። ከዚያ ልጆቹ ሽማግሌው ያሉትን ይዘው ነው የሚለኩት። ሳይንቲስቱ ለክቶ ሲያበቃ "አባባስ ምን ይላሉ?" ብሎ አይጠይቅም። ጥያቄው ከማን ይምጣ የሚለውን እህቴ አንቺም አስቢበት።


መምህርት ከጣና ዳር

ሁላችሁም እግዜር ይስጥልኝ። የታንኳ ሠሪው ልጅ፣ የጻፉትን ደጋግሜ አነበብኩት። የልጁን ቤት በዚህ ሳምንት እሄዳለሁ።

ጋሼ ጡረተኛው፣ የቄጠማውንና የእንግጫውን ሐሳብ ወስጄዋለሁ፣ መጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እሱ ነው። ስለ "ተቆጥቶ ነው" ግን ትንሽ ልከራከርዎት። እ.ኤ.አ. በ2003 ጣና በጣም ወርዶ መርከቦች መሄድ አቅቷቸው እንደነበር ያስታውሳሉ። ዳር ላይ የሚኖር ሰው ውሃው እስከ የት እንደ ሸሸ፣ የትኛው ድንጋይ እንደ ታየ፣ የትኛው ደንገል ደርቆ በማግሥቱ እንደ ታረሰ በጣቱ ያሳይዎታል። ይሄ ያየው ነው። "ተቆጥቶ ነው" የሚለው ደግሞ ምክንያቱ ነው። ሁለቱን ለይተን ሁለት ዓምድ ላይ እንጽፋለን። ያዩትን ከተመዘገበው የሐይቁ ከፍታ ጋር ልጆቹ ያስተያዩታል። ምክንያቱን እንመረምራለን፦ ዝናቡ አንሶ ነበር ወይ? እ.ኤ.አ. በ1996 ሥራ የጀመረው የጨረጨራ ግድብ ለኤሌክትሪክ ስንት ለቀቀ? በነገራችን ላይ የመጽሐፉንም ዓረፍተ ነገር እዚያው ዓምድ ላይ አስገባዋለሁ። "ረግረግ ውሃ ያጣራል" ይላል። ማን አየ? የኛው ያጣራል ወይ? ደንገሉን ከማለፉ በፊትና ካለፈ በኋላ ሁለት ጠርሙስ ውሃ እንቀዳለን። ከጠርሙሶቹ ጀርባ የተጻፈ ወረቀት አድርገን የቱ በደንብ እንደሚነበብ እናያለን።

ለፈተናውም አይስጉ። ይሄን የሠራ ልጅ ያቺን አንድ መስመር አይስታትም።

ስለ ክፍያው ደግሞ ክበባችን ትንሽ ገንዘብ አለው፣ እኔም እጨምራለሁ። ስንት እንደሚገባ ግን አላውቅምና ንገሩኝ።


የደንቢያ ገበሬ ልጅ

ግብርና ባለሙያ ነኝ። አንድ ነገር እንዳትረሺ፦ ደንገል የሚቆርጥ ብቻ አይደለም ክፍልሽ ውስጥ ያለው። ባሕር ሽሽ የሚያርስ ቤተሰብ ልጅም አለ። ውሃው ሲሸሽ የሚገለጠው መሬት እርጥበቱም ለምነቱም ስለሚበቃ ሽምብራ፣ ጓያ፣ በቆሎ ይዘራበታል። ፎገራ በኩል ደግሞ ሩዝ ገብቶ ስንት ቤት ቀይሯል። "ረግረግ የሚያርስ አጥፊ ነው" ብለሽ ከጀመርሽ ሌላውን ልጅ ነው አንገት የምታስደፊው። እሱም እውቀት አለው። ውሃው መቼ እንደሚመለስ፣ የትኛው አፈር ቶሎ እንደሚሰነጠቅ አባቱን ይጠይቅ። ከዚያ ደንገሉ እስከ የት ቢቀር ለሁለቱም ይበቃል የሚለውን ልጆቹ ይከራከሩበት። እኛም መሥሪያ ቤት ውስጥ እንከራከርበታለን፣ እስካሁን አልተስማማንም።

ስለ ጠርሙሱ፦ ዳር ላይ ሁለት ጊዜ መቅዳት ሊያሳስትሽ ይችላል። ነፋስ ካለ ጣና ራሱ ይደፈርሳል። ክፍል ውስጥ ሌላ አዘጋጂ። ሦስት የፕላስቲክ ጠርሙስ በጎናቸው አስተኝተሽ ሆዳቸውን ክፈቺ። አንዱ ላይ ባዶ አፈር፣ አንዱ ላይ አፈርና ገለባ፣ አንዱ ላይ ሣሩ ከነሥሩ የተነሣ አፈር። እኩል ውሃ አፍስሺ፣ በአፋቸው የሚወጣውን በብርጭቆ ተቀበዪ። ከባዶው አፈር የሚወጣውን ሲያዩ ከርብ፣ ከጉማራ፣ ከመገጭ ምን እየተጫነ ጣና እንደሚገባ ይገባቸዋል። እንቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 ብቅ ያለው እኛ ጋ፣ መገጭ ሐይቁን በሚገናኝበት በኩል ነበር። ከደለልና ከማዳበሪያ ጋር የሚመጣው ምግብ ይመቸዋል። እንቦጩን ግን "ለሠርቶ ማሳያ" ብላችሁ ወደ ትምህርት ቤት እንዳታመጡት። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመት ተኝቶ ይቆያል።


የታንኳ ሠሪ ልጅ

አባቴን ጠየቅሁት። ለክፍያው ከአንድ ታንኳ የማሰሪያ ዋጋ ተነሥተው ይነጋገሩ፣ ዋጋውን ልጁ ቤት ሲሄዱ አባትየው ይነግሩዎታል። የእኔ አባትም አብሮ ቢመጣ ደስ ይለዋል፣ ሁለት ሆነው ይሻላል፣ አንዱ ሲደክም ሌላው ያወራል። ስልሳ ልጅ አንድ ላይ ግን አይሆንም ብሏል፣ ደንገሉ ይረገጣል። ሃያ ሃያ አድርጋችሁ ኑ። ቅዳሜ ገበያ ስላለው አይመቸውም። ማጭድ እሱ ጋ አለ፣ ሚዛን የለውም፣ ሚዛኑን እናንተ ያዙ።